በጥቅምትና በኅዳር የደሴን ተራሮች ብቻችሁን ስትወጡ፦ ከዝግጅት እስከ መመለስ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣልኛል። «ጦሳ ተራራን ብቻዬን ወጥቼ በዚያው ቀን መመለስ እችላለሁ? ምን ልያዝ?» አዝዋ ገደልንም የሚጠይቁኝ አሉ። ከኮምቦልቻ የሚጽፉልኝ ደግሞ የጎፍ ተራራን ይጨምራሉ። ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

አዎ፣ ትችላላችሁ። ጤነኛ ከሆናችሁና አራት አምስት ሰዓት መራመድ ካላቃታችሁ ትወጣላችሁ፤ ትመለሳላችሁም። ብቻ መሄድ ግን ከቡድን ጉዞ በአንድ ነገር ይለያል። እግራችሁ ወለም ቢል የሚደግፋችሁ የለም። ስትሳሳቱም «ተው፣ እንመለስ» የሚላችሁ የለም። ስለዚህ ዋና ዋናውን ውሳኔ ተራራው ላይ ደክማችሁ ሳይሆን ቤት ተቀምጣችሁ ወስኑት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ የሚረዳ ነው።

የሚያዙ ነገሮች

- ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለውና ያልተላጨ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ በፊት አድርጋችሁ የለመዳችሁት ይሁን። አዲስ ጫማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተረከዝ ይልጣል። ሸራ ጫማና ኮንጎ ለጭንጫ መሬት አይሆኑም፤ ጠል በነካው ድንጋይ ላይ ይከዷችኋል።
- ውኃ፦ ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር። ከላይ የሚገኘውን ምንጭ ተስፋ አታድርጉ። ከብት ይጠጣበታል፤ በኅዳር ደግሞ ብዙው ይደርቃል።
- ምግብ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። በሶ ቀላል ነው፤ አይበላሽም፤ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፤ ለጾምም ይሆናል። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን ውኃ ያስጠማል። ቆሎ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ።
- ልብስ፦ ስስ ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ይሞቃል፤ ግን ሲወጡ ይከብዳል፤ ቁጥቋጦም ይይዘዋል። ረዥም ሱሪ ልበሱ፤ ሳማ፣ ቀጋና አጋም አለ።
- ባርኔጣ፦ በዚህ ከፍታ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይፋጃል። ለከንፈር ቫዝሊን ያዙ።
- ከዘራ ወይም ጠንካራ ዱላ፦ እኔ ያለ ዱላ አልወጣም። ሲወርዱ ጉልበት ያሳርፋል፣ ድንጋዩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይፈትሻል፣ ውሻ ያርቃል።
- ባትሪ ወይም የእጅ መብራት፦ የስልኩን መብራት አትቁጠሩት። ስልኩ ለመደወል መቆጠብ አለበት።
- ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ስልክና ፓወር ባንክ። ካርታውን ማታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት።
- ፊሽካ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ሳሙና፣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጠፋ ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት)።
- መታወቂያ እና ዝርዝር ብር።

ይህ ሁሉ አንድ መካከለኛ የጀርባ ቦርሳ ይሞላል። በእጃችሁ ፌስታል አታንጠልጥሉ። ድንጋይ ላይ ሁለቱም እጆቻችሁ ያስፈልጓችኋል።

አሠራሩ

1. ቀኑን ምረጡ። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ድረስ እየተመለሰ ያስቸግራል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። መሬቱ ደርቋል፣ ሣሩ ገና አልነጣም፣ ሩቅ ይታያል። ያም ሆኖ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ዝናብ ጥሎ ከነበረ አራዝሙት። ጭቃ የያዘ ጫማ አለት ላይ አይቆምም፤ የራሰ አፈርም ድንጋይ ይለቃል።

የገበያ ቀን ለብቻ ተጓዥ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት ወደ ደሴ የሚወርደው የገጠር ሰው መንገዱን ይሞላዋል። አንድ ነገር ብትሆኑ የሚያይ ሰው አለ። በተለይ ሴቶች ብቻቸውን ሲወጡ ይህን ቀን ቢመርጡ እመክራለሁ።

ጾም ካለባችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ ተራራ መውጣት አደጋ ነው። በሮመዳን ወይም ሰኞና ሐሙስ ለምትጾሙም ያው ነው። ሌላ ቀን ምረጡ።

2. የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ። ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በዚያ በኩል የሚኖር ሰው ጠይቁ። መንገዱ ክፍት ነው? ጸጥታው እንዴት ነው? የተከለከለ ቦታ አለ? የፖሊስና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥርም ያኔውኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ። የጎፍ የተጠበቀ ደን ስለሆነ ወደዚያ የምትሄዱ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ፤ እሳት አታንድዱ፣ እንጨት አትቁረጡ።

3. ሰዓቱን አስሉ፤ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ይህ ለደህና መንገድ ነው። የእኛ ተራራ ድንጋያማና ከፍ ያለ ስለሆነ ከድምሩ ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ለዕረፍት ደግሞ 1 ሰዓት።

በምሳሌ እንየው። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 600 ሜትር ቢሆን፦ 2 ሰዓት ሲደመር 1 ሰዓት፣ 3 ሰዓት። ግማሹ ሲጨመር 4 ሰዓት ተኩል። ከዕረፍት ጋር 5 ሰዓት ተኩል። ጠዋት 12:30 የተነሣ ሰው ቀን 6 ሰዓት ላይ ይመለሳል ማለት ነው።

አሁን የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። የትም ብትደርሱ፣ ጫፉ 10 ደቂቃ ቢቀረውም፣ ፊታችሁን የምታዞሩበት ሰዓት ነው። እኔ የምመክረው ከቀኑ 6 ሰዓት እንዳያልፍ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። በኅዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ትጠልቃለች። ጦሳ ደግሞ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ወደ ደሴ የሚያየው ፊቱ ፀሐዩን የሚያጣው ከዚያ በፊት ነው። ሌላው ቦታ ገና ብርሃን ሳለ እናንተ ጥላ ውስጥ ትሆናላችሁ። ጥላ ሲገባ ቅዝቃዜው ይመጣል፤ የድንጋዩን ቅርጽ መለየትም ያስቸግራል።

4. ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሁሉም ሳይሆን ስልክ ለሚያነሣ አንድ ሰው። አራት ነገር በጽሑፍ ላኩለት፦ የት እንደምትሄዱ፣ በየት በኩል እንደምትወጡ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ እና በስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ፍለጋ እንዲያስጀምር። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብቻ ከተባለ ሰውዬው እስከ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ጨለማ ነው፤ ማንም አይወጣም። «11 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ፈልጉኝ» በሉት። የለበሳችሁትን ቀለምም ጨምሩበት፤ ፈላጊ ሰው እረኛ ሲጠይቅ ይጠቅመዋል።

5. በልታችሁ፣ ማልዳችሁ ውጡ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ትኩስ ነገር ጠጡ፣ እንጀራም ገንፎም ቢሆን የሚያቆይ ምግብ ብሉ። ከቤት ሳትወጡ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ጠጡ። 12:30 አካባቢ መነሣት ይበቃል። ከዚያ በፊት ጨለማ ነው፤ ጅብም ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ አንድ ነገር እወቁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። የሐረጎን አቀበት በሚኒባስ ወጥታችሁ ከመኪናው ስትወርዱ መራመድ ሳትጀምሩ 650 ሜትር ያህል ከፍ ብላችኋል። ትንፋሽ ቢያጥር አትደንግጡ። ቀስ በሉ።

6. አቀበቱን በትንፋሻችሁ ለኩት። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ቀንሱ። ፈጥኖ እየወጡ መቆም፣ እንደገና ፈጥኖ መውጣት ጉልበት ይጨርሳል። ሲቆሙም ላቡ ይቀዘቅዝና ብርድ ይገባል። ሹራባችሁን ላብ ሳይጀምራችሁ አውልቁ፤ ስታርፉ ወዲያው ልበሱ።

ከከተማው ጠርዝ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል የሚወጣ የእግር መንገድ ብዙ ነው። ሰውና ከብት የረገጠውን፣ የተላጠውን ምረጡ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ የሸፈነው ቁልቁለት ያንሸራትታል፤ በጎን በኩል ዙሩት። በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እዩ። መንገድ ሲወጣና ሲወርድ አንድ አይመስልም። ከተቻለ በየመለያያው ፎቶ አንሡ።

በጥቅምትና በኅዳር አዝመራው ማሳ ላይ ነው፤ ወይ እየታጨደ ነው፤ ወይ አውድማ ላይ። በሰው እህል መካከል አታቋርጡ። ጠርዙን ይዛችሁ ዙሩ። ለምታገኙት ሰው ሰላምታ ስጡ፦ «እንዴት አደራችሁ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም»። ሰላምታው ወግ ብቻ አይደለም። ያያችሁና ያነጋገራችሁ ሰው በኋላ «አዎ፣ በዚህ በኩል አልፈዋል» ብሎ ይመሰክራል።

መንገድ ስትጠይቁ «ሩቅ ነው?» አትበሉ። «እዚሁ ነው፣ ቅርብ ነው» ትባላላችሁ። በዚያ ተራራ ላደገ ሰው እውነትም ቅርብ ነው፤ ለእናንተ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያው፦ «ፀሐይ የት ስትደርስ እደርሳለሁ?» ሁለተኛው፦ «በዚህ መንገድ አህያ ያልፋል?» የተጫነ አህያ የሚያልፍበት መንገድ ገደል ላይ አይጥላችሁም። «አህያስ አያልፍም፣ እኛ ብቻ ነን» ካሏችሁ ለብቻችሁ አትግቡበት።

7. ድንጋያማው ቦታ ላይ ስትደርሱ። የዚህ አካባቢ አለት አብዛኛው ጥቁር ባዛልት ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰነጣጥቆ ይቆማል፤ ቁራጮቹም ይላቀቃሉ። ክረምት አፈሩን ያርሰዋል፤ በመፀው ፀሐዩ ሲያደርቀው አፈሩ ይሰበሰብና ድንጋዩን ይለቀዋል። ከላይ ሲያዩት የተቀበረ የሚመስለው ድንጋይ ልክ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይሆናል። ስለዚህ፦

ክብደታችሁን ከመጣላችሁ በፊት ፈትሹ። በዱላ ግፉት፣ ቀጥሎ በእግራችሁ ጫፍ ጫን በሉት። ድፍን ድምፅ ከሰጠና ካልተነቃነቀ ርገጡት።

እጅ በሚያስፈልግበት ቦታ ከሁለቱ እጅና ከሁለቱ እግር ሦስቱ ሁልጊዜ የያዙ ይሁኑ። አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ። አንዱ ድንጋይ ቢከዳችሁ ሁለቱ ይይዟችኋል። ሁለቱን አንዴ ካንቀሳቀሳችሁ ግን አንዱ ሲከዳ የሚይዛችሁ አንድ ብቻ ነው።

ድንጋይ ወደ ራሳችሁ ስባችሁ አትውጡ። ወደ ታች ተጫኑት። የተሳበ ድንጋይ ተነቅሎ ደረት ላይ ይመጣል።

የማታዩት ስንጥቅ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ እፉኝት ይሞቃል። ሰው ሲመጣ እንደ ሌላው እባብ ቶሎ አይሸሽም፤ ባለበት ይተኛል።

ልቅ ጠጠር ያለበትን ቁልቁለት ቀጥ ብላችሁ አትውጡት፤ እየተጠማዘዛችሁ በሰያፍ ውጡት። ከበላያችሁ ከብት ወይም ፍየል ካለ እስኪያልፍ ቁሙ፤ ናዳ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙ፦ መውረድ የማትችሉትን አትውጡ። አለት መውጣት ከመውረድ ይቀላል፤ ሲወጡ ዓይን ከእጅ ፊት ነው፣ ሲወርዱ ግን እግራችሁ የሚያርፍበትን አታዩም። ጥቂት ወጥታችሁ «እንዴት ነው የምመለሰው?» የሚል ጥርጣሬ ከገባችሁ ያኔውኑ ተመለሱ። ሁለት ሜትር ላይ መመለስ ቀላል ነው፤ አሥር ሜትር ላይ አይደለም።

8. ከላይ ስትደርሱ። መጀመሪያ ሹራብና ጃኬት ልበሱ፤ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ። ነፋሱ ያታልላል፤ ላቡን ሲያደርቅ ብርዱ አይታወቅም። ለነገራችሁት ሰው አጭር መልእክት ላኩ፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ከጥሪ ይልቅ መልእክት ይሄዳል። ከገደሉ ጠርዝ ራቁ። ፎቶ ስትነሡ ወደ ኋላ አትራመዱ። ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ሥሩ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ከማማ፣ ከአንቴና ወይም ጥበቃ ካለበት ግቢ አጠገብ ፎቶ አታንሡ። ጥበቃ ከጠራችሁ ቅረቡ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ መንገዳችሁን ተናገሩ።

ወደ ቦርከና ሸለቆ ተመልከቱ። ጉም ከዚያ በኩል መነሣት ከጀመረ ዕረፍታችሁን አሳጥሩ። የደሴ ጉም ፈጣን ነው፤ ከታች ነጭ ሆኖ ሲታይ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ሲደርስ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ያሳያል።

9. ስትወርዱ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ጉልበት ደክሟል፣ ልብ ቤት ገብቷል። የጫማችሁን ማሰሪያ ከላይ አጥብቁ፤ ጣታችሁ ጫማው ጫፍ ላይ እንዳይመታ። ጉልበታችሁን ትንሽ ሸብረክ አድርጉ፤ እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ ዱላውን ከእግራችሁ በፊት ትከሉ። አትሩጡ። ቁልቁለት ሲጎትት መሮጥ ቀላል ይመስላል፤ ልቅ ጠጠር ላይ ማቆም ግን አይቻልም።

በመጣችሁበት ተመለሱ። «በዚህ ብቆርጥ ይቀርባል» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከተማው ቁልጭ ብሎ ሲታይ ነው። በመካከል ያለው ገደል ግን ከላይ አይታይም።

10. እንደደረሳችሁ ደውሉ። ቤት ሳትገቡ፣ አስፋልት ስትረግጡ። ሳትደውሉ ተኝታችሁ ሰው ተራራ ለተራራ እንዳይፈልጋችሁ።

ማስጠንቀቂያ

*ያልታወቀ ብረት አትንኩ።* በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ጦርነት ነበር። ምሽግ የሚመስል ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። እንግዳ የሆነ ብረት፣ ጥይት ወይም ሽቦ ካያችሁ አትርገጡ፣ አታንሡ፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

*ውሻ።* የገጠር ውሻ ቤቱንና ከብቱን ይጠብቃል። አትሩጡ። ቁሙ፣ ዱላውን በመካከላችሁ ያዙ፣ ባለቤቱን ጥሩ፣ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

*ጉም ከያዛችሁ።* መንገዱ እግራችሁ ሥር የማይታይ ከሆነ ቁሙ። ጃኬት ልበሱ፣ ተቀመጡ፣ እስኪገልጥ ጠብቁ። በጉም ውስጥ መንገድ መፈለግ ገደል መፈለግ ነው።

*ነጎድጓድ።* በጥቅምት መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከጫፉና ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

*እግር ወለም ካለ።* ጫማውን አታውልቁ። ከወለቀ እብጠቱ መልሶ አያስገባውም። በጫማው ላይ በፋሻ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ በዱላ ተደግፋችሁ መራመድ ከቻላችሁ ውረዱ። ካልቻላችሁ ደውሉ፤ ፊሽካውን በደቂቃ 6 ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፉ፣ ድገሙ። ፊሽካ ከሌለ ጩኹ። በእኛ አገር ጩኸት ከተራራ ተራራ ይሰማል፤ ሰውም ይመጣል።

*እባብ ከነደፈ።* አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን አካል አታንቀሳቅሱ፣ ሰው ጥሩ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

- «ጠዋት ይበርዳል» ብሎ 3 ሰዓት ላይ መነሣት። ብርዱ በሹራብ ይቻላል፤ የጠፋው ሁለት ሰዓት ተኩል አይመለስም።
- አንድ ትንሽ ሃይላንድ ውኃ ይዞ መውጣት። ቅዝቃዜው ጥሙን ይደብቀዋል፤ ራስ ምታቱ ከሰዓት ይመጣል። ብዙ ላብ ካላባችሁና ራስ ከከበዳችሁ ኦአርኤሱን በ1 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ።
- ጂንስ መልበስ። ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ጉልበት ሲታጠፍም ይይዛል።
- በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ መሄድ። የሚንከባለል ድንጋይና የውሻ ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው በጆሮ ነው።
- ሲወጡ ካርታውን ሁልጊዜ ከፍቶ መያዝ። ባትሪው ለመደወል ሳይተርፍ ያልቃል። በየግማሽ ሰዓቱ አንዴ ማየት ይበቃል።
- ልጆች ሲከተሉ መንገድ ምሩኝ ብሎ ወደ ገደል መውሰድ። ከትምህርት ወይም ከእረኝነት አታስቀሯቸው፤ ጠይቋቸው፣ አመስግኑ፣ እለፉ።
- መንገድ ከጠፋ በኋላ ወደ ታች ብቻ መውረድ። የውኃ መውረጃ ተከትሎ መውረድ ፏፏቴ ወይም ገደል ጫፍ ላይ ያደርሳል። መጨረሻ ወደምታውቁት ቦታ ወደ ላይ ተመለሱና ከዚያ ፈልጉ።